ያልተከፈተው ደብተር

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ጥያቄ ላከችልኝ። «ባሌ አይመታኝም፣ አይሰክርም። ግን ቤቱ ውስጥ አየር ያጥረኛል። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ወድጃለሁ። መጥፎ ሴት ነኝ?» ትላለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የጋብቻ አማካሪ ሆኜ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ይህንኑ ጥያቄ ይዛ የመጣች ሴት ነበረች። 9 ዓመት በትዳር ኖራለች። ጭኗ ላይ ትንሽ ደብተር አስቀምጣ፣ ስታወራ ጠርዙን በጥፍሯ ትፍቀው ነበር። ምንድነው ስላት «የወጪ ነው» አለችኝ። እያንዳንዷን ሳንቲም ትጽፍበታለች፤ ማታ ማታ ባሏ ያየዋል። ከቤት የወጣችበትና የተመለሰችበት ሰዓትም እዚያው ላይ ይመዘገባል።

እኔ ደብተሩን አልፌ ስለ ሌላው ሰው ጠየቅኳት። የት ተዋወቃችሁ? እስከምን ደረሳችሁ?

«ምንም አላደረግንም» አለችኝ። «አንድ ቀን ‹አንቺስ ምን ታስቢያለሽ?› ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ጠፋኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።»

«ሰውየውን እርሺው፣ ትዳርሽን አስቢ» ብዬ ሸኘኋት። ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ አመሰገነችኝና ወጣች። ሁለተኛ አልመጣችም። ማመስገኗ እስከ ዛሬ ያመኛል። ያስተማሩን መምህር «ሰው ሲያወራ እስክሪብቶ አስቀምጡ» ይሉን ነበር። ያን ቀን እየጻፍኩ ነበር። የጻፍኩትም ስለ ሰውየው ብቻ ነው።

ዶሮቲ ቴኖቭ የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ሥራ እንዲህ ዓይነቱን ልብ የሚያሳጣ ፍቅር «ሊመረንስ» ብለውታል። ተስፋና ጥርጣሬ ሲቀላቀሉበት ይጠነክራል፤ እንቅፋት ሲበዛበት ይብሳል። የታፈነች ሴት ደግሞ ሁሉም አላት።

የዛሬ ልጆች ቶሎ ተስፋ ትቆርጣላችሁ። ትንሽ ስትጣሉ ስልክ ከፍታችሁ ሌላ ሰው ትፈልጋላችሁ። ትዳር ትዕግሥት ይፈልጋል። ያቺ ሴት ትዝ ስትለኝ ግን፣ ከ9 ዓመት በላይ ምን ትዕግሥት አለ እላለሁ። ሁለቱንም አምናለሁ።

ልጄ፣ መጥፎ ሴት አይደለሽም። ግን ሰውየውን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊው። እሱ ባይኖር፣ ብቻሽን የምትወጪ ቢሆን፣ አሁንም ትወጫለሽ? ገንዘብሽ በማን እጅ ነው? ስልክሽን ማን ይፈትሻል? ባል ባይመታም ገንዘብሽንና መውጫ መግቢያሽን ከተቆጣጠረ በደል ነው። እንዲህ ያለ ሰው ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው ሚስቱ ልትሄድ መሆኑን ሲያውቅ ነው። ስለዚህ «እሄዳለሁ» ከማለትሽ በፊት ለምታምኚው ሰው ንገሪ፣ ማረፊያሽንም አዘጋጂ።

መልሰሽ ስትጽፊልኝ ስለ ሰውየው አትጻፊ። ከጠዋት እስከ ማታ ቤትሽ ውስጥ የሚሆነውን ጻፊልኝ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ አነበዋለሁ።