የአበባ ሽቶ ስትገዙ አትቸኩሉ

ልጆቼ፣ ሽቶ ስሸጥ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ በየቀኑ የማየው ስህተት አንድ ነው። ሰው ሽቶውን ወረቀት ላይ ያስረጫል፣ አንዴ ያሸታል፣ "በቃ ይሄን ስጪኝ" ይላል። በተለይ የመጀመሪያ ደመወዙን ይዞ የመጣ ወጣት። ብሩን ሲቆጥር እያየሁ አንጀቴን ይበላኛል። "ቆይ እስኪ፣ ነገ ተመለስ" ብዬ የሰደድኩትም ብዙ ነው።

በዚያች ደቂቃ የምታሸቱት የሽቶውን መግቢያ ብቻ ነው። መጀመሪያ አልኮሉ ይበንናል። ከዚያ ቀላል ቀላሎቹ ይነሣሉ፤ ሎሚው፣ ብርቱካኑ፣ የሎሚ ዘመድ የሆነው ቤርጋሞቱ። ገበያተኛን የሚማርኩት እነሱ ናቸው፤ ግን ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፉ። አበባው በደንብ የሚገለጠው ከሃያና ሠላሳ ደቂቃ በኋላ፣ የቆዳችሁ ሙቀት ሲያወጣው ነው። ጃስሚን ከሆነ ጃስሚኑ፣ ጽጌረዳ ከሆነ ጽጌረዳው፣ ለሁለትና ሦስት ሰዓት አብሯችሁ ይውላል። ከሥሩ ደግሞ ሰንደል፣ ቫኒላና ምስክ የሚሉት ሞቅ ያለ ጠረን አሉ። እነዚህ ከባዶች ስለሆኑ ከቆዳ ቶሎ አይነሡም። ማታ ስትገቡ የሚቀበሏችሁ እነሱ ናቸው።

ሥራውን ገና ስጀምር አንዲት ልጅ ለሠርጓ ሽቶ ልትገዛ መጣች። ጃስሚን የበዛበት መረጠች። ወረቀት ላይ ረጨሁላት፤ "ውይ ደስ ሲል!" ብላ ከፍላ ሄደች። በሳምንቱ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ተመለሰች። "ጠዋት ሌላ፣ ቀትር ላይ ሌላ ሆነብኝ። በሠርጌ ቀን ሳጥን ውስጥ የከረመ ልብስ ሸተትኩ" አለችኝ። እኔ "ኦሪጅናል ነው እኮ" ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። እውነቴን ነበር፤ እሷን ግን ምን ጠቀማት? የሱቁ ባለቤትም የተከፈተ ዕቃ አልመልስም አለ። ፊቷ እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ምን እንደሸተታት የገባኝ ቆይቶ ነው። ጃስሚን በተፈጥሮው ኢንዶል የሚባል ነገር አለበት። ለብቻው ሲሸተት፣ ብል እንዳይበላው ብለን ልብስ መሃል የምንጥለውን ናፍታሊን ያስታውሳል። ሲበዛ የእንስሳ ጠረን አለው። ግን አበባውን ሕያው የሚያደርገውም እሱ ነው። ጨርሶ ከጠፋ የጃስሚን ሽቶ ንጹሕ የሆነ፣ ነፍስ የሌለው የሳሙና ሽታ ይሆናል። ስለዚህ አበባ ቆዳችሁ ላይ ሲከርም ጠቆር፣ ሞቅ ያለ ነገር ቢሸታችሁ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ትወዱታላችሁ ወይስ አትወዱትም? ጥያቄው እሱ ነው። መልሱን ደግሞ ሳትገዙ በፊት ማወቅ አለባችሁ።

ሻኔል ቁጥር 5ን እንውሰድ። ሞስኮ የተወለደው ኧርነስት ቦ እ.ኤ.አ. በ1921 ያዘጋጀው ሽቶ ነው። ጃስሚኑ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ግራስ በምትባል ከተማ አካባቢ ንጋት ላይ በእጅ ይለቀማል። አንድ ኪሎ ለመሙላት ብቻ ወደ 8,000 የሚጠጋ አበባ ይፈልጋል። ስትረጩት መጀመሪያ አልዲሃይድ የሚሉት ነገር ብድግ ይላል፤ ታጥቦ የተተኮሰ ነጠላ ዓይነት ሽታ ነው። ቀስ እያለ ጃስሚኑና ጽጌረዳው ይመጣሉ። ከአበባው ሥር ደግሞ ለብዙ አሥርት ዓመታት ዝባድ ነበረበት። የጥርኝ ዝባድ! ከጅማ፣ ከከፋ፣ ከኢሉባቦርና ከወለጋ በከብት ቀንድ እየታሸገ የወጣው ዝባድ፣ የዓለምን ሽቶ ሠሪዎች በዋናነት ሲቀልብ የኖረ ነው። ለብቻው አፍንጫ ያስይዛል። በጣም በጥቂቱ ሲገባ ግን አበባውን ያሞቀዋል፣ ቆዳ ላይም ያቆየዋል። ጥርኙ በጠባብ የእንጨት ጎጆ ተዘግቶበት የሚደርስበት ሥቃይ ከታወቀ ወዲህ ትልልቆቹ ሽቶ ቤቶች በሰው ሠራሽ ተክተውታል። ደግ አደረጉ እላለሁ።

እንግዲህ ሱቅ ስትገቡ የእጃችሁ አንጓ ላይ አንዴ ርጩ። አትፈትጉት፤ ሲሞቅ ቀላሎቹ በአንዴ ይበናሉ። ከዚያ ውጡ። ማኪያቶ ጠጡ፣ ታክሲ ተሳፈሩ፣ ሥራችሁን ሥሩ። በየመሃሉ አሽትቱት። ሻጯ ብታኮርፍም ታኩርፍ። በአንድ ቀን ከሁለት በላይ አትሞክሩ፤ አፍንጫ ይደክማል። ፀጉራችሁን ቅቤ ተቀብታችሁ ወይም ዕጣን የጠጣ ልብስ ለብሳችሁ ሽቶ ለመምረጥ አትሂዱ፤ የምታሸቱት ድብልቁን ይሆናል። ቆዳችሁ ደረቅ ከሆነ ሽቶ አይቆይላችሁም። አስቀድማችሁ ሽታ የሌለው ቅባት ተቀቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሰዓት በኋላ "ጠፋብኝ" ብላችሁ ደግማችሁ አትርጩ። ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ሳይሆን አፍንጫችሁ ለምዶት ነው። አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ፤ ታክሲ ውስጥ ራሱን የሚያመው እሱ ነውና።

ባንኮኒ ጀርባ የምትቆሙት ደግሞ "ነገ ተመለሺ" ማለት ሽያጭ የሚያሳጣ አይምሰላችሁ። እኔ ካልኳቸው አብዛኞቹ ተመልሰዋል፣ እህታቸውንም ይዘው መጥተዋል።

የሞከራችሁ ቀን ማታ አንጓችሁን ሳትታጠቡ ተኙ። ጠዋት ዓይናችሁን እንደገለጣችሁ አሽትቱት። አበባው ሄዷል። የቀረው ትንሽ ሰንደል፣ ትንሽ ቫኒላ፣ የራሳችሁም ጠረን ነው። እሱን ከወደዳችሁት ብራችሁን ይዛችሁ ሂዱ።