የብሎኬት ማምረቻዬን ውሃ በግምት ያስከፍሉኛል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ በመስኖ ክልል ውስጥ ብሎኬት አመርታለሁ። ውሃ የማገኘው ከመስኖ ማኅበሩ ቦይ ነው። የውሃ አከፋፋዩ በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ መግቢያው ላይ ውሃው የሚያልፍበትን፣ ለመለኪያ በቪ ቅርጽ የተቆረጠውን ላሜራ ያያል፣ የውሃውን ከፍታ ይመዘግባል፣ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ በ24 ሰዓት አባዝቶ ሂሳብ ይልክልኛል። እኔ ግን ገንዳዬን በቀን አንዴ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሞልቼ እዘጋለሁ። ሰብል ሲደርስ ደግሞ ቦዩን ሳይነግሩኝ ለሁለት ሳምንት ይዘጉታል። መብቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ዝርዝሩ በአገርዎ የውሃ ሕግና በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ይወሰናል። በአብዛኛው ግን ገንዘብ የሚጠይቅ ወገን ምን ያህል ውሃ እንደሰጠ የማስረዳት ሸክሙ የእሱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ከእርሻ ውጪ ለሚውል ውሃ የሚከፈለውን ታሪፍ የወሰነው ማን ነው? መቼ? የአለካኩን ዘዴ የሚናገረው የትኛው አንቀጽ ነው? ጠቅላላ ጉባኤው ያጸደቀው ከሆነ ቃለ ጉባኤውን ይስጡኝ ይበሉ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። «ግምት ሕገወጥ ነው» ብለው አይከራከሩ። ቆጣሪ በሌለበት ደንቡ ግምትን ሊፈቅድ ይችላል። የእርስዎ ክርክር ግምቱ ከእውነታው ጋር አይገናኝም የሚል ነው፣ እሱ ደግሞ ጠንካራ ክርክር ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። የላሜራው ቅርጥ ማዕዘን 90 ዲግሪ ከሆነና የውሃው ከፍታ 10 ሴንቲሜትር ከተነበበ፣ የሚያልፈው ውሃ በሰከንድ 4.4 ሊትር ገደማ ነው። በ24 ሰዓት ሲባዛ በቀን 377 ሜትር ኩብ ይሆናል። በሁለት ሰዓት ግን 31 ብቻ! ገንዳዎ 5 በ4 ሜትር ሆኖ ጥልቀቱ 1.5 ቢሆን የሚይዘው 30 ሜትር ኩብ ነው፤ በቀን አንዴ ብቻ የሚሞላ ገንዳ ከዚያ በላይ የት ያስገባል? ገንዳዎን በሜትር ለክተው ፎቶ ያንሱት፣ የውሃ መግቢያውን በር የከፈቱበትንና የዘጉበትን ሰዓት በየቀኑ ይመዝግቡ።

ላሜራውንም ጠጋ ብለው ይዩት። ሣር ወይም ቆሻሻ ቅርጡ ላይ ከተሰካ ውሃው ከኋላ ይነሳና ንባቡ ከእውነቱ በላይ ይሆናል። ከ10 ወደ 11 ሴንቲሜትር መሳሳት ብቻ ሂሳቡን ከሩብ በላይ ያሳድገዋል። በሌላ በኩል፣ ሴንቲሜትሩ የተጻፈው እዚያው ቅርጡ አፍ ላይ ከሆነ ውሃው ሊወርድ ሲል ፊቱ ዝቅ ስለሚል ንባቡ ያንሳል። ይህኛው ለእርስዎ የሚያደላ ስህተት ስለሆነ ክርክር ከመግባትዎ በፊት ይወቁት። ከአከፋፋዩ ጋር አብራችሁ ለክታችሁ ሁለታችሁም የፈረማችሁበት ወረቀት፣ በኋላ ከሚመጣ አስር ምስክር ይሻላል ባይ ነኝ።

የቦዩ መዘጋት ግን ከበድ ይላል። ገበሬው ተራ ጠብቆ ያጠጣል፣ አፈሩም ውሃውን ለቀናት ይይዝለታል። አዲስ የተመታ ብሎኬት ግን በየቀኑ ውሃ ካልጠጣ ሙሉ ጥንካሬ አያገኝም። ችግሩ ውልዎ ስለዚህ ዝም ካለ፣ ዳኛ «የገቡት የመስኖ ውሃ ሥርዓት ውስጥ ነው፣ ቦይ ደግሞ ለጥገና ይዘጋል» ሊልዎት ይችላል። ስለዚህ አሁኑኑ ፍላጎትዎን በደብዳቤ ያስገቡ፦ በቀን ስንት ሜትር ኩብ፣ በሰከንድ ቢበዛ ስንት ሊትር፣ ያለ ውሃ ስንት ቀን መቆየት እንደሚችሉ። ከመዝጋታቸው በፊት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥዎት በውሉ ይካተት። ለ14 ቀን 420 ሜትር ኩብ ያስፈልግዎታል፣ ገንዳዎ የአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ምንጭ ማዘጋጀትም የእርስዎ ድርሻ ነው።

ማኅበሩ በቦይ ላይ የሚባክነውን ውሃ ድርሻ ቢጨምርብዎት አይገረሙ፣ ለሁሉም ተጠቃሚ በአንድ መለኪያ እስከተከፋፈለ ድረስ ልክ ሊሆን ይችላል። ሠራተኞችዎ የቦይ ውሃ የሚጠጡ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ያስቁሙ፤ ያልታከመ ውሃ ነው፣ አንድ ሰው ቢታመም ጥያቄው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ አሠሪው ነው።

ለጊዜው የማይከራከሩበትን የሂሳብ ክፍል ይክፈሉና «በቀሪው ላይ ተቃውሞ አለኝ» ብለው ደረሰኝ ይያዙ። የቅሬታ ማቅረቢያ ቀነ ገደቡ አጭር ሊሆን ስለሚችል ደንቡ ላይ ያረጋግጡ። የዘጉትን በር በራስዎ እጅ እንዳይከፍቱ፤ ያን ቀን ከሳሽነትዎ ቀርቶ ተከሳሽ ይሆናሉ።