መልስ፦ ፌዶራ (የሊኑክስ አይነት ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ላይ ፋየርፎክስ ብሮውዘር ዩትዩብን ያጫውታል፣ የሌሎች ሳይቶች ኤምፒ4 ቪዲዮ ግን እምቢ አለ ላልከው

ወንድሜ ፋየርፎክስህ አልተበላሸም፣ ለዚህ ብለህ ደግሞ ወደ ዊንዶውስ እንዳትመለስ። ዩትዩብ የሚሰራልህ ቪዲዮውን በቪፒ9 ወይ በኤቪ1 ስለሚልክልህ ነው፣ እነሱ ያለ ክፍያ የሚሰሩ ኮዴኮች (ቪዲዮን አምቆ መልሶ የሚፈታ ፎርማት ማለት ነው) ስለሆኑ ፌዶራ ላይ አብረው ይመጣሉ። ሌሎቹ ሳይቶች ላይ ያለው ኤምፒ4 ግን በቃ ካርቶን በለው፣ ውስጡ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ኤች.264 የሚባል ኮዴክ ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ ፓተንት (ክፍያ የሚጠየቅበት የፈጠራ መብት) አለ፣ ፌዶራን የሚደግፈው ሬድ ሃት የአሜሪካ ድርጅት ስለሆነ ክስ ውስጥ መግባት አይፈልግም፣ ስለዚህ ቪዲዮ የሚፈታውን ፕሮግራም ኤፍኤፍኤምፔግን ቀንሶ ነው የሚሰጥህ። ሲስኮ የሚባለው የኔትዎርክ ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ኦፕንኤች264 የሚባል የራሱን የኤች.264 ኮዴክ እንደሚለቅና የፓተንቱን ክፍያም እንደሚሸፍን ተናግሮ ነበር፣ ጥሩ ነገር ነው ግን ሁሉንም አይነት ኤች.264 አያጫውትም እና እሱ ላይ አትንጠልጠል።

መፍትሄው አርፒኤም ፊውዥን የሚባለውን ሪፖ (የሶፍትዌር ማከማቻ) መጨመርና የተቀነሰውን ኤፍኤፍኤምፔግ በሙሉው መቀየር ነው፣ ልብ በል መቀየር ነው ያልኩት፣ ዝም ብለህ ኢንስቶል ካልክ ሁለቱ ይጋጩና ኤረር ይሰጥሃል። ከዛ ፋየርፎክስን ዘግተህ ክፈተው፣ ሌላ ሴቲንግ መነካካት የለም። ተርሚናል ላይ ትእዛዝ መጻፍ ካስጠላህ ደግሞ ፍላትሃብ ከሚባለው የአፕ ማከማቻ ፋየርፎክስን አውርድ፣ ኮዴኩ አብሮት ይመጣል።

እና ላፕቶፕህ አሮጌ ከሆነ ዩትዩብ ላይ ፋኑ የሚጮኸው በሌላ ምክንያት ነው፣ የድሮ ግራፊክስ ካርድ ኤቪ1ን በሃርድዌር መፍታት ስለማይችል ሁሉም ስራ ሲፒዩው ላይ ይወድቃል። ኤች.264ን ግን የድሮ ካርዶችም ስለሚፈቱት፣ ዩትዩብ ኤች.264 ብቻ እንዲልክ የሚያስገድዱ ኤክስቴንሽኖች (ብሮውዘር ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) አሉ፣ እስከ 1080ፒ ጥራት ድረስ በደንብ ይሰራሉ።