ለስብሰባ ቁርስ የምታዝዙ ልጆች

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ደውላ «ጋሼ፣ ለ60 ሰው ስብሰባ ቁርስ እዘዢ ተብያለሁ። ሆቴሉ የላከልኝ ሜኑ ግራ አጋባኝ» አለችኝ። ቀኑን ስጠይቃት «ረቡዕ» አለች። የቆየ ቁጭት ተቀሰቀሰብኝ።

ያኔ ሥራ ጀማሪ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን ከየወረዳው የአገር ሽማግሌዎችን ቢሾፍቱ ላይ ሰብስቦ ነበር። ደብረ ዘይት ነበር የምንላት ያኔ። ሐይቁ ዳር ሆቴል ሲያዝ ደስታችን ልክ አልነበረውም። ሜኑውን የመረጡት አለቃችን ናቸው፤ የእኔ ሥራ ስም መመዝገብና ወረቀት ማደል ነበር።

ጠረጴዛው ያምራል። ክሮሳንት፣ ኦምሌት፣ አይብ ያለበት ሳንድዊች፣ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ ከነማሩ። ሽማግሌዎቹ ጠጋ ብለው አዩና አንድ በአንድ ሻያቸውን ብቻ ይዘው ተመለሱ። ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ዘንድ ሄጄ «አባባ፣ ምነው ቁርስ አይበሉም?» አልኳቸው። «ተመስገን ልጄ፣ ጠግቤያለሁ» አሉኝ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው የመጡ ሰው ናቸው። ምን በልተው ይጠግባሉ? ቀኑ ረቡዕ ነው፤ «ጾም ነው» ብለው ጋባዡን ማሳፈር አልፈለጉም።

አንዲት የወጥ ቤት ሠራተኛ ይህን አይታ ኖሯል። ለሠራተኛው የተሠራውን የሽሮ ፍርፍር በትሪ ይዛ መጣች። ትኩስ ነው፤ ቃሪያ ጣል ጣል ተደርጎበታል። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ታጥበው ከበቡት። ዝም ብሎ የነበረው ቤት በጨዋታ ሞቀ። ኃላፊዋ ግን መጥቶ «ማን አዘዘሽ?» ብሎ ሰው ፊት ጮኸባት። እሷ አንገቷን ደፋች። እኛ ደግሞ ስብሰባው ተጀመረ ተብለን ገባን። ስንወጣ ፈረቃዋ አልቆ ሄዳለች። አንድ ሰው እንኳ አላመሰገናትም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የዘንድሮ ልጆች ሜኑ የምትመርጡት በፎቶ ነው፤ አልወደውም። ተጋባዡ ምን እንደሚበላ በቴሌግራም ቀድማችሁ መጠየቃችሁን ግን በጣም እወደዋለሁ። ጠይቁ። ደግሞ ጠይቃችሁም ሙሉ በሙሉ አትመኑ፤ የእኛ ሰው «ያገኘሁትን እበላለሁ» ነው መልሱ።

መጀመሪያ ቀን መቁጠሪያ ግለጡ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ከዚያ ውጭ የጾም ምግብ ዋናው ይሁን እንጂ ጥግ ላይ የተጣለ አንድ ሳህን አይሁን። በሁዳዴ 55 ቀን ደግሞ ብዙ ሰው እስከ 6 ወይም 9 ሰዓት እህል አይቀምስም። ያኔ የቁርሱን ገንዘብ ምሳው ላይ አውሉት። ረመዳን ከሆነ ስብሰባውን ጠዋት ጨርሱ፤ ካልሆነም አፍጥር አዘጋጁ።

ለቁርስ ሥጋ ባይኖር እመርጣለሁ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «ማን አረደው?» ብሎ ሳይጨነቅ ይበላል። ፉልና ቂንጬ ሁሉንም ያስማማሉ፤ በጾም ቀን ፉሉ ላይ እንቁላልና እርጎ እንዳይጨመር፣ ቂንጬውም በዘይት እንዲሆን ንገሯቸው። ጨጨብሳው በዘይት ነው ቢሏችሁም መጥበሻው ቅቤ ያልነካው መሆኑን ጠይቁ። ማንኪያውም ይለይ፤ የኦምሌቱ ማንኪያ ፍርፍሩ ውስጥ ከገባ የጾመ ሰው አይነካውም። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናትና በርበሬ የማይደፍር የውጭ እንግዳም ይኖራል፤ ለእሱ አልጫ ፍርፍርና ፍራፍሬ ይበቃዋል።

ቡና በጀበና ደስ ይላል። ግን አንዲት ጀበና ለ60 ሰው በ20 ደቂቃ ዕረፍት አትደርስም። ሁለት ሦስት ቦታ ይቀዳ፤ ሰዉ ከመውጣቱ በፊትም ፔርሙዝ ተሞልቶ ይጠብቅ።