በአንድ ቀለም በተሞላ መደብ ላይ የሚወጣው አግድም መስመር ከየት ይመጣል?

በጂቲኦ 52 የኦፍሴት ማተሚያ ማሽን የምስክር ወረቀት ሲያትሙ፣ በሰማያዊው መደብ ላይ ከግሪፐሩ (ወረቀቱን ይዞ ከሚስበው መቆንጠጫ) ጠርዝ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወረድ ብሎ በየወረቀቱ አንድ ቦታ ላይ ሣሣ ያለ አግድም መስመር እንደሚወጣ፣ የብላንኬቱን (ቀለሙን ወደ ወረቀቱ የሚያሸጋግረውን ጎማ) ግፊት ቢጨምሩም እንዳልጠፋ ጽፈዋል። እዚህ አዳማ በዚሁ ማሽን ላይ ለ14 ዓመታት ስለሠራሁ የደረሰብኝን ልንገርዎ። ከሁሉ በፊት የጨመሩትን ግፊት ወደነበረበት ይመልሱት፤ መስመሩን ለጊዜው ቢያደበዝዘውም ፕሌቱን (ምስሉን የያዘውን የማተሚያ ሰሌዳ) ቶሎ ይበላዋል፣ እውነተኛውንም ምክንያት ይሸፍናል።

ቀጥሎ ማሽኑን በሕትመት መካከል ያቁሙና ፕሌቱን በጥሩ ብርሃን ይመልከቱ። መስመሩ ፕሌቱ ላይ ካለ ችግሩ የቀለም ወይም የውኃ ሮለሮች ነው። ፕሌቱ ንጹሕ ሆኖ ብላንኬቱ ላይ ከታየ በሁለቱ መካከል ያለውን ግፊትና የፓኪንጉን (ከሥር የሚገባውን ንጣፍ) ውፍረት ይመርምሩ፤ ወረቀቱ ላይ ብቻ ከወጣ ደግሞ ወረቀቱን የሚጫነውን ሲሊንደር ይፈትሹ። መስመሮቹ ብዙና እኩል የተራራቁ ቢሆኑ ኖሮ ርቀታቸውን ከጊሩ ጥርስ ጋር ያስተያዩ እልዎት ነበር፤ የእርስዎ ግን አንድ ብቻ ነው።

እኔ በተመሳሳይ ችግር ሁለት ቀን ብላንኬትና ፓኪንግ ስቀያይር ከቆየሁ በኋላ መስመሩን ያገኘሁት ፕሌቱ ላይ ነው። ፎርም ሮለሩ (ፕሌቱን ቀለም የሚቀባው ሮለር) ከልክ በላይ ተጭኖ ስለነበር፣ ፕሌቱ የታሰረበት ሲሊንደር ክፍተት አልፎ የፕሌቱ ጠርዝ ሲመጣ ከጠርዙ ጋር ተጋጭቶ ይነጥራል፤ በነጠረበትም ቦታ ቀለሙ ይሣሣል። ይህን ለማረጋገጥ ሮለሮቹ ቀለም እንደያዙ ማሽኑን አቁመው ፎርም ሮለሮቹን ፕሌቱ ላይ ያሳርፉና ያንሡ። የሚተዉት የቀለም አሻራ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለበት፤ ስፋቱም በማሽኑ መመሪያ ልክ፣ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው። የእኔ 8 ሚሊ ሜትር ደርሶ ነበር፤ በአንደኛው ሮለር ላይ ደግሞ አሻራው መካከሉ ቀጥኖ ሁለቱ ጫፎቹ ሰፍተው አገኘሁት። ጫፉ ያበጠ ሮለር በብሎን አይስተካከልም፤ መቀየር አለበት።

ሲያስተካክሉ ቅደም ተከተሉን አደራ እላለሁ። መጀመሪያ ፎርም ሮለሩን ቀለም ከሚያቀብለው፣ ወዲያና ወዲህ ከሚንሸራተተው የብረት ሮለር ጋር ያገናኙ፤ ፕሌቱ ላይ የሚያሳርፉት ከዚያ በኋላ ነው። ክፍተቱ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን የሚጠብቅለት የብረቱ ሮለር ስለሆነ፣ ያ ንክኪ ከላላ ፎርም ሮለሩ ይንሸራተታል፣ መስመሩም ይመለሳል።

የቀለሙ አሻራ ልክ ከሆነ የውኃ ሮለሩን በመመሪያው መሠረት ይለኩ። በእኛ በስምጥ ሸለቆ ብዙው የጉድጓድ ውኃ ባይካርቦኔት ስለሚበዛበት የፋውንቴኑን (ፕሌቱን የሚያርሰውን ውኃ) አሲድ ያዳክማል፤ ፕሌቱ ሲቆሽሽ ኦፕሬተሩ የውኃ ሮለሩን ያጠብቃል፣ ያው መንጠርም በዚያ በኩል ይመጣል። ስለዚህ ፒኤቹን (የአሲድነቱን መጠን) በመለኪያ ወረቀት አይተው ከ4.5 እስከ 5.5 ባለው ውስጥ ያቆዩት። የአሻራውን ስፋት ከሁለቱም ጫፎችና ከመካከሉ ለክተው ቢጽፉልኝ የትኛው ሮለር እንደሆነ አብረን እንለያለን።