ጥያቄና መልስ፦ የተልባ ዘይት የሳንባ ጠባሳ ያጠፋል?

ጥያቄ፦ እናቴ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒታቸውን ጨርሰው ድነዋል፤ በራጅ ግን ሳንባቸው ላይ ጠባሳ ታየ። ጎረቤት «የተልባ ዘይት ያሟሟዋል» ስላላቸው ጠዋት ጠዋት አንድ የቡና ሲኒ ይጠጣሉ። ማታ ሲተኙም አፍንጫቸው ውስጥ ጠብ ያደርጋሉ። ይጠቅማቸዋል? (ከደሴ)

መልስ፦ የአፍንጫውን ዛሬውኑ ያስቁሟቸው። ዘይት እንደ ውሃ ሳል ስለማይቀሰቅስ፣ በተለይ ለተኛ ሰው፣ ሳይታወቅ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ሳንባ በቀላሉ አያወጣውም፤ ይቆጣል፣ ሲደጋገምም አዲስ ጠባሳ ይሠራል።

አንዴ የተሠራ ጠባሳን የሚያሟሟ ዘይት የለም። ወሬው ግን ከባዶ አልተነሣም። የአሜሪካው ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደረታቸው በጨረር የተመታ አይጦችን ከምግባቸው 10 በመቶው ተልባ ሆኖ ሲመግቡ የሳንባ ጠባሳው ቀንሷል። በሰው ላይ ይህ አልተረጋገጠም። ደግሞም አይጦቹ የበሉት ፍሬውን ነው። ሳንባን ከጉዳት ይጠብቃሉ ከተባሉት የተልባ ንጥረ ነገሮች አንዱ፣ ሊግናን፣ ያለው ቅርፊቱ ላይ ሲሆን ዘይቱ ሲጨመቅ ከፋጉሎው ጋር ይቀራል። እናትዎ ዘይቱን ሲጠጡ ሊግናኑን ላሟ ትበላዋለች ማለት ነው! ዘይቱ ኦሜጋ 3 የሚባለው ጠቃሚ ስብ አለው፤ ግን አንድ ሲኒ ከ500 ካሎሪ በላይ ነው፣ ሆድም ያላላል።

ተልባ ከወደዱ በቀን 1 የሾርባ ማንኪያ ፍሬ (10 ግራም ገደማ) ይበቃል። ለቅመው በለስላሳ እሳት ያምሱት፤ መንጫጫት እንደጀመረ ምጣዱን ያውርዱ፤ ካረረ ይመራል። ሳይወቀጥ ከተበላ እንዳለ ይወጣል። ዱቄቱ አየርና ብርሃን ስለሚያበላሸው የሳምንቱን ብቻ ወቅጠው በሚከደን ዕቃ ያስቀምጡ፤ ቀለም ቀለም ከሸተተ ይድፉት። በአንድ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ይበጥብጡት፤ ውሃው ካነሰ ሆድ ያደርቃል። የሚውጡት ኪኒን ካለ 2 ሰዓት ያራርቁት፣ ልጋጉ ይይዘዋልና። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ።

ከተልባው ይልቅ የማገዶው ጭስ ያሳስበናል። እንጀራ የሚጋግሩት እናትዎ ከሆኑ ምጣዱን ሌላ ሰው ይረከብ፤ ካልሆነም ደረቅ እንጨት፣ ክፍት በርና መስኮት። ሳል ይዟቸው 2 ሳምንት ካለፈው፣ ደም ከታየበት፣ ወይም ትናንት የሚወጡት አቀበት ዛሬ ካስቆማቸው፣ ነቀርሳው ተመልሶ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ወስደው አክታቸውን ያስመርምሩ።