መልስ፦ ቅጠሉ ሲረግፍ ከቤት መውጣት ምን ይጠቅማል?

እህቴ፣ ዋሽንግተን ከመጣሽ ወዲህ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ሆድሽን ባር ባር እንደሚለው ጽፈሽ፣ በብርድ መውጣት ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀሻል። ይጠቅማል፤ በተለይ ጠዋት።

አዲስ አበባ በታኅሣሥም ቢሆን ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ይረዝማል፤ እዚህ ግን ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ሰውነት የእንቅልፉንና የንቃቱን ጊዜ የሚያስተካክለው በዋናነት በዓይን በሚገባ ብርሃን ነው። ሰማዩ ቢደምን እንኳ የደጁ ብርሃን ከሳሎን አምፖል ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ እንደተነሣሽ ግማሽ ሰዓት ተራመጂ። ቡና ይዞ መስኮት ሥር መቀመጥ አይተካውም፤ ሞክሬዋለሁ።

ሮክ ክሪክ ፓርክን እመክርሻለሁ፤ በፈረንጆቹ 1890 የተከለለ ደን ነው። በኦክቶበር መጨረሻ ዛፉ ሁሉ ቢጫና ቀይ ይለብሳል፤ የደረቀው ቅጠል ከእግር ሥር ሲንኮሻኮሽ ሐሳብ ይበተናል። አገር ቤት ይህ ወቅት ዘመነ ጽጌ ነው፣ የአበባ ጊዜ፤ እዚህ ስንብት ቢመስልሽ አልፈርድብሽም። ደርበሽ ልበሺ፤ ስትመለሺ መዥገር እንዳልያዘሽ እግርሽን እዪ፣ በመጸውም አለና።

ሆድሽን ባር ባር ማለቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈና እንቅልፍሽን ወይም ሥራሽን ካወከ ግን ሐኪም አማክሪ።